ጋቢ የለበሰው ሰርቨር

መሪጌታ ዘማርያም በተማሪነታቸው ዘመን፣ በደምበጫ መንገድ ዝናብ ተጠልለው ሳለ፣ ሁለት መነኮሳት ስለ መጻሕፍት አያያዝ ሲጨዋወቱ ሰምተው ነበር። አንደኛው መጽሐፍ ያለ ልብስ አይቀመጥም ሲል ትዝ ይላቸዋል፤ ሁለተኛው የመለሰለት ግን፣ ዝናቡ ይሁን ዕድሜው እንጃ፣ ከጆሯቸው ጠፍቷል።

ስለዚህ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ላለች ደብራቸው ሰርቨር የሚባል ማሽን በመጣ ጊዜ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸውና፣ በወፍራም ጋቢ ጠቀለሉት። በውስጡ ያለው የመምህራቸው የየኔታ አማረ የድጓ ዜማ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀድቶ ያለቀ። ዛሬ የኔታ ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ያ ዜማ ከነለዛው ያለው ከዚያ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። ማሽኑ ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ በራሱ ይጠፋ ጀመር።

አንድ ማለዳ ከቅዳሴ ሲወጡ የጎረቤታቸው ልጅ ሕሊና፣ በኮምፒውተር ሙያ የተመረቀችው፣ በቅጥሩ በር ላይ አገኘቻቸው።

«እንደምን አደሩ መሪጌታ? ምነው ፊትዎ ጠቆረብኝ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ያ ማሽን እንደ ሰነፍ በቅሎ እየተኛ አስቸገረኝ እንጂ።»

ዕቃ ቤት ገብታ ጋቢውን ባየች ጊዜ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይበርደዋል ብለው ነው?»

«ለክብሩ ነው። የመምህሬ ድምፅ ያለበት ዕቃ እንደ ድስት ራቁቱን ይቀመጥ?»

«እስቲ እጅዎን ያስነኩት።»

አስነኩት፤ ቢያቃጥላቸው እጃቸውን ወዲያው ሰበሰቡ።

ሕሊና ማሽኑን አጥፍታ ክዳኑን ከፈተች። «ብዙ የሚሞቀው ይህ የማሽኑ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ ነው። እነዚህ ማራገቢያዎች በፊት በኩል ቀዝቃዛ አየር ስበው ሙቀቱን በጀርባ ያስወጣሉ። እርስዎ አፍንጫውንም ጀርባውንም ዘጉበት፤ እሱም እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።»

«ጋቢው ከተነሣ የኛን አቧራ ታውቂው የለም?»

«ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ያስወልውሉት። ውስጡን እኔ በየወሩ መጥቼ አጸዳዋለሁ። ይህን ሁለተኛ ገመድስ ማን ነቀለው?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔው ነኝ። አንድ ማሽን ከሁለት ቦታ ሲጠባ ስስት መሰለኝ።»

«ኃይል ሰጪው ሁለት የሆነው አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲይዘው ነው። በማኅሌት አንዱን ቢያስለው ጓደኛው ዜማውን ይቀበለው የለም?»

ይህ ለማኅሌት ሰው የሚገባ ነገር ነበር። ገመዱን ራሳቸው መልሰው ሰኩት።

«ዜማውን የያዙት ዲስኮችም ጥንድ ጥንድ ናቸው» አለች። «አንዱ የያዘውን ሌላውም ይይዛል።»

«እንግዲያማ ምን ሥጋት አለብን?»

«ሁሉም ያሉት በአንድ ሣጥን ውስጥ ነዋ። እሳት ቢነሣ አብረው ይሄዳሉ። ሌላ ግልባጭ ሌላ ደብር ይቀመጥ። ይጁቤ፣ መሪጌታ አለበል ዘንድ ቢሆንስ?»

መሪጌታ ፊታቸውን አዞሩ። አለበል ከአንድ መምህር አብሯቸው የተማረ ነው፤ የየኔታን ዜማ አጥርቼ የያዝሁ እኔ ነኝ እያለ ሃያ ዓመት አብግኗቸዋል።

«ለእሱ? ሰምቶ ‹አላልኋችሁም!› እንዲል?»

«ይበል እንጂ። ይህ ከጠፋ በምን ትከራከራላችሁ?»

መሪጌታ ሳይወዱ ሳቁ። ሰው የሚወደውን ሲጠብቅ አፍኖ ሊገድለው እንደሚችል፣ እግዚአብሔር ሲፈቅድ ከልጅም አፍ ይማረዋል። ጋቢው ከተነሣ፣ መስኮቱም ከተከፈተ ወዲህ ማሽኑ ሳይጠፋ ሳምንት አለፈ፤ ተማሪዎቹም የየኔታን ድምፅ ያለ ሰቀቀን ሰሙ።

በሳምንቱ ሕሊና ስትመጣ መሪጌታ በሩ ላይ ጠበቋት።

«ግልባጩን ቅጂልኝ» አሏት። «ቅዳሜ ይጁቤ እኔው አደርስለታለሁ።» ቀጥለውም፣ «አብሬው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ የሳትሁት ካለም ይንገረኝ» አሉ።