እናትሽ የት ናት ሲሏት

የሕንፃው ደረጃ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ተጠግቶ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። የዚያን ቅዳሜ ረፋድ ግን ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ከትንሿ የልጅ ልጃቸው ከሚጣ ጋር ደረጃው መሐል ተቀምጠው ነበርና፣ ከገበያ የምትመለሰው ጎረቤታቸው ማለፊያ አጣች። ወጣት ናት፣ የሕፃናት መምህርት፤ ከላያቸው ያለውን ቤት ከተከራየች ብዙም አልቆየች።

«ምነው አባባ፣ ቤቱ ጠበበዎት እንዴ?»

«ቤት ውስጥማ ዓይኗ ስፌት መኪናው ላይ ነው። እያጠናን እኮ ነው ልጄ። ሰኞ ፈተና አለብን።»

ከኪሳቸው የጨርቅ ቁራጭ ያወጣሉ፤ ሚጣ የቀለሙን ስም በውጭ ቋንቋ ትናገራለች። አባባ ቋንቋውን ስለማያውቁት ልክ ትሁን ትሳሳት የሚለዩት ፊቷን አይተው ነው። ቀዩም፣ ሰማያዊውም በደንብ አለፈ።

«አሁን ደግሞ፣ እናትሽ የት ናት?»

«ለሥራ ውጭ አገር ሄዳለች፣ ስትመለስ አሻንጉሊት ታመጣልኛለች» አለች ሚጣ ጫማዋን እያየች፣ በአንድ ትንፋሽ።

መምህርቷ ዘንቢሏን አስቀመጠች። እናትየው፣ የልብስ ሰፊው ብቸኛ ልጅ፣ ታማ ከሞተች ወራት አልፈዋል፤ ከሚጣ በቀር ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ሚጣን ሰኞ ለሚፈትናት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ያስመዘገበቻት እናቷ ራሷ ነበረች። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ጥቂት፣ የሚመልሰው ብዙ ነው። ባለፈው ሚጣ ሄዳ ቆጠረች፣ ሳለች፣ ተጫወተች። በመጨረሻ «እስቲ በራስሽ ቋንቋ ስለ ቤታችሁ አጫውቺኝ» ብላ ፈታኟ መምህርት ስትጠይቃት ግን አፏ ተዘጋ። ሰኞ መልሳችሁ አምጧት፣ ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተባሉ።

«ሚጣዬ፣ ቁልፉን እንቺ። በሬን መክፈት ትችይ እንደሆነ እስቲ እንይ» አለች መምህርቷ። ልጅቷ ወደ ላይ ሮጠች።

«አባባ፣ እንደ ልጅዎ ይዩኝና አንድ ነገር ልናገር። እውነቱን ይንገሯት።»

ሽማግሌው ጨርቁን ኪሳቸው ከተቱ። «ምን በደለችኝና? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያልቻልኩትን ሸክም ለሕፃን ላሸክም? እኛን ያሳደጉን እንዲህ ነው። ልጅ ፊት ሞት አይነሣም።»

«ያኔ ስልክ አልነበረም። ዛሬ ውጭ አገር ያለ ሰው ይደውላል፣ ፊቱን ያሳያል። ስልክዎ በጠራ ቁጥር ሚጣ ሮጣ የምትመጣው ለምን ይመስልዎታል?»

ይህን አይተውታል። «ደንበኛ ነው» ብለው በመለሷት ቁጥር የምትሄድበትን አረማመድም አይተውታል።

«ትረሳዋለች ብዬ እኮ ነው።»

«ልጅ አይረሳም አባባ፣ ይገምታል። የሕፃን ግምት ደግሞ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ ነው የሚያርፈው።»

«አንቺ ያነበብሽውን ትነግሪኛለሽ። እኔ ልጄን የቀበርኩ ሰው ነኝ።»

«እውነትዎን ነው፣ የእርስዎን ሐዘን አላውቀውም። ግን ባለፈው ስትሄዱ ምን ብለው መከሯት?»

«ምን እላለሁ፣ ጨዋ ሁኚ፣ ረባሽ ልጅ አይቀበሉም አልኳት።»

«እናቷ ታማ ሳለችስ?»

«አትጩኺ፣ እናትሽን ራሷን ያማታል። የማን ቤት የማይባል ነው?»

 ከላይ «ተከፈተልኝ!» የሚል የሚጣ ድምፅ ሲመጣ መምህርቷ ዘንቢሏን አነሣች። «ልብዎ ካመነበት ይንገሯትና ምን እንደገመተች ይጠይቋት። እኔ ከዚህ በላይ ብናገር ድፍረት ነው።»

ሐዘን ቤቱ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል፤ ለልጅ ብለን ከምንደብቀው ነገር ግማሹን የምንደብቀው ለራሳችን ነው። ሽማግሌው «ሞተች» የሚለው ቃል ከአፋቸው ከወጣ ልጃቸው እንደገና የምትቀበር ይመስላቸው ነበር።

ከምሳ በኋላ ግን ልባቸውን አጽንተው ሚጣን ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት።

«ሚጣ፣ እማዬ ውጭ አገር አይደለችም። በጣም ታማ ነበር። ሐኪሞቹ ሞከሩ፣ አልተቻለም። ሞታለች የኔ እናት። የሞተ ሰው አይመለስም።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። የተበተነ ክር ጣቷ ላይ ስትጠመጥም ቆየችና ቀስ ብላ፣

«ስለምጮህ አይደለም የሄደችው?»

«ምን አልሽ?»

«አትጩኺ ብላችሁኝ ጮህኩ። ከዚያ ሄደች። የዚያ ትምህርት ቤት መምህርት ስለ ቤታችሁ አጫውቺኝ ስትለኝ፣ ከነገርኳት ረባሽ ናት ትለኛለች ብዬ ዝም አልኩ።»

 ሽማግሌው ክር የተጠመጠመበትን እጇን ያዙ። «በሽታ ነው የወሰዳት፣ አንቺ አይደለሽም። ድምፅሽን ከወዲያኛው ክፍል ስትሰማ ትስቅ ነበር። ‹አባዬ፣ ስትጮህ ደኅና ናት ማለት ነው› ትለኝ ነበር።»

ሚጣ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። እሳቸውም እንደ ወትሮው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ማዞሩን ትተው አብረዋት አለቀሱ።

ሰኞ ዕለት ያችው ፈታኝ መምህርት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ሚጣ አያቷን ዞር ብላ አየችና አወራች። «እናቴ ሞታለች፣ ታማ ነው። አባባ ልብስ ይሰፋል። የቀለሞቹን ስም አያውቅም፣ የማስጠናው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አንዳንዴ እጮሃለሁ።»

«እኛ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ይጮሃል» አለች ፈታኟ። በዚያው ሳምንት ተቀበሏት።

ጥቅሙ ግን ከትምህርት ቤቱ በር አልፎ ሄደ። ሚጣ ስልክ ሲጠራ መሮጥ ተወች። እናቷ ምን ትወድ እንደነበር፣ በልጅነቷ ትቆጣ እንደነበር ትጠይቃለች፤ ሽማግሌውም ሲመልሱ የልጃቸውን ስም ጮክ ብለው ለመጥራት በቁ።

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ጥቁር ጨርቅ ይዞ የሐዘን ልብስ ሊያሰፋ መጣ። ልኩን ሲወስዱለት፣ «አደራ፣ በቶሎ የሚወልቅ ይሁን። ቤት ስገባ አወልቀዋለሁ። ልጆቹ እናታቸው ለሕክምና የሄደች ነው የሚመስላቸው» አላቸው።

ሽማግሌው ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ወንበር ሳቡለት።

«ቁጭ በል ወንድሜ። እኔም እንዳንተ ነበርኩ። እውነቱ የተነገረው ልጅ ያለቅሳል፤ አልቅሶ ግን ይበላል፣ ይተኛል፣ ትምህርቱም ይገባዋል። ያልተነገረው አያለቅስም፤ ምን አጥፍቼ ነው እያለ በር በር ሲያይ ያድጋል። ልብሱ ይደርሳል። አንተ አስቀድመህ ልጆችህ ጋ ሂድ።»