አዳዲሶቹ የወንድ ሸሚዞች

ነይ ሐምዲያ፣ ግቢ። በሩን ግን ክፍት ተይው፤ የማሽኖቹ ሙቀት ያፍነኛል። ዛሬ የሕንፃው ማጠቢያ ተራ የኔ ነው፣ ነገ ደግሞ ያንቺ፤ የተራ መያዣ ቁልፍሽን ሰሌዳው ላይ አይቼዋለሁ። ልጅሽ ሁዳ ደህና ናት? ትምህርቱን ለመደችው? በረዶውስ ሰፈራችንን ግሮሩድን ምን አደረጋት ዘንድሮ! ዛሬ ወደ ባቡሩ ስሄድ ሁለቴ ልወድቅ ነበር... ማስጫው ክፍል ሰው አለ መሰለኝ። ይኑር፣ እኛ የምንደብቀው ነገር የለን።

እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት ምንድነው? አሃ... የጎረቤት ምስክርነት። «ባልና ሚስት ሆነው በአንድ ቤት ሲኖሩ አይተናል» ይላል። የኢሚግሬሽኑ ቃለ መጠይቅ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው እንዴ? ለየብቻ አስቀምጠው እንደሚጠይቁ ሰምቻለሁ። ታዲያ ጎረቤታችን ራሷ ይዛው ብትመጣ ምን ነበረበት? አፈረች? አይ፣ እሷ ምን ያሳፍራታል! ሰው ማስቸገር ስለማትወድ ነው አንቺን የላከችሽ።

እኔ እኮ የማደንቃት በጨዋነቷ ነው። የእህቷ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ነበር ቬስትሊ እህቷ ቤት በዘጠና ቀን ቪዛ የመጣችው። ልጁ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ፤ እንግዳዋ ግን ገና አልተሸኘችም። ደግሞ ሕግ ስታከብር! ስድስት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ሳይበራ መንገድ አቋርጣ አታውቅም። ያለ ትኬት ባቡር አትገባም። ፖሊስ ካየች ከሩቁ ፈገግ ትላለች... ኖርዌጂያኖቹ ራሳቸው እንዲህ ያከብራሉ? የጎደላት አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ጋብቻውም ቢሆን ተደብቆ የተደረገ አይደለም። እዚህ ሀገር የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን አናጋባም ቢሏቸው በአውቶቡስ ስዊድን ሄደው ተፈራርመው በዚያው ቀን ተመለሱ። ጫጉላውንም አውቶቡሱ ላይ ጨረሱት። ሥራ የሚያከብር ሰው እንዲህ ነው፣ ወር ሙሉ ተዘግቶ መቀመጥ ለማን ይጠቅማል?

ፎቶም አያይዛለች? አምጪው፣ መነጽሬን ላድርግ። ይሄ... ገና። ይሄ ፋሲካ። ይሄ ደግሞ እንቁጣጣሽ! ቢጫ አበባዋን ይዛ፣ እሱም ነጭ ለብሶ። ከሥሩ ቀኑን ሳይቀር ጽፋለች። እንዴት ያምራሉ! ግን ሐምዲያ... ከመስኮቱ ውጪ በረንዳው ላይ የተከመረው ነጭ ነገር ምንድነው? በረዶ ነው? በመስከረም አንድ? አየሽ፣ ለፍቅረኞች ሰማዩም ያደላል ማለት ነው። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ፕላስተርስ? ገና ላይ አለ፣ ፋሲካ ላይ አለ፣ እንቁጣጣሽም ላይ አለ። ዓመት ሙሉ የማይድን ቁስል... ምስኪን።

መርማሪው ኖርዌጂያን ነው፣ እንቁጣጣሽ መቼ እንደሚውል ከየት ያውቃል ብላ ይሆናል። እሱስ አያውቅም። አስተርጓሚው ግን የኛው ሰው ነው።

በዚያ ላይ ሸሚዞቹ አሉ። እዚህ ማስጫ ክፍል አራት ዓመት ስመላለስ በሷ ገመድ ላይ አንዲት የወንድ ካልሲ አይቼ አላውቅም። ባለፈው ሰኞ ብገባ አምስት የወንድ ሸሚዝ በተርታ! የአንዱ የሱቅ ምልክት እንኳ አልተቆረጠም፤ እጥፋቱም እንዳለ ነው። ሳይለበስ የሚታጠብ፣ ሳይታጠብ የሚሰጣ... እንዲህ ያለ ንጹሕ ባል ለማን ተሰጥቷል? ቁጥሩ ደግሞ ሚዲየም ነው። ሰውዬው እኮ እንኳን ሆዱ አንገቱም ሚዲየም አይገባም።

እንዴት አወቅሽ እንዳትይኝ። ያን ሰውዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ያጠብኩለት እኔ አይደለሁ? ከሱ ጋር በፍቺ ተለያይተን ይህን ቤት ሳገኝ ዕቃዬን ያጓጓዝሽልኝ አንቺ ነሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ መጋባቱ አይደለም ያናደደኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ሁለታችን ያለንበት አንድ ፎቶ የለንም። «ነይ እንነሳ» ስለው «ፎቶ ምን ያደርጋል» ነበር መልሱ። ለሷ በአንድ ቀን ሦስት በዓል ተነሳላት። ይሄ አመመኝ፣ ሐምዲያ። አሁንም ያመኛል።

ቢሆንም ክፉ አልመኝላትም። ይልቅ ልርዳት። የት በኩል ይተኛል ብለው ከጠየቋት በግድግዳው በኩል ነው፤ ሌላ ቦታ እንቅልፍ አይወስደውም። የግፊት ኪኒኑን ጠዋት አንድ፣ ማታ ሁለት ይወስዳል፤ ካላስታወሱት ይረሳል፣ ካስታወሱት ይቆጣል። ያደረ ወጥ አይነካም። ቁርጥማቱ የተነሳ ሌሊት እግሩን የሚያሸው ሰው ይፈልጋል። መርማሪው ይህን ሁሉ ላይጠይቃት ይችላል፣ እሷ ግን ማወቋ አይከፋም።

ለምን ይጠቅማታል? ውይ... አልነገራትም እንዴ? ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ሊንደበርግ ሰፈር የተከራየውን ክፍል ለቀቀ። «ጠበቃው አብራችሁ ካልኖራችሁ አይሆንም ብሏል፤ እኔም ማስመሰል አልወድም፣ ተጠቃልዬ ልገባ ነው» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃውን በሚነዳው ታክሲ ጭኖ ይመጣል። ያ ትልቁ ቴሌቪዥን፣ ያ ወንበር... ሁሉም። አየሽ፣ ሁላችንም ሰውዬውን አማነው እንጂ እሱ ከልቡ ነው ያገባት። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ።

ምንድነው እዚያ ማስጫው ክፍል የወደቀው? የልብስ መቆንጠጫ ነው? ምንም አይደል፣ ታነሳዋለች።

በይ እስክሪብቶ ስጪኝ። እንዴት አልፈርምም? እስከ ትናንት ብትጠይቂኝ ውሸት አልፈርም እልሽ ነበር፤ አሁን ግን ከቅዳሜ ጀምሮ እውነት ሊሆን ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ ይቆይ፣ ዕቃው ሲገባ በዓይኔ አይቼ እፈርማለሁ። ቃለ መጠይቁ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው፣ ይደርሳል። እንቁጣጣሹን ግን ከውስጥ አውጥታ ትጣለው በያት፣ ስለ እግዚአብሔር።

እሷንም ፈጣሪ ያስባት። መልካም ሰው ናት፣ ብዙ ተንከራታለች። ወረቀቷን በእጇ ያስገባላት። ሦስት ዓመት ታግሣ ቋሚውን ፈቃድ ስታገኝ ትፈታዋለች እያሉ የሚያሟትን ሁሉ ያሳፍርልን። ቤቷን ከሱ ድምፅ አያጉድልባት፤ እሱንም ጤና ሰጥቶ ከደጇ አያርቅባት። በአንድ ትራስ ያስረጃቸው... እኔን ዐሥራ አንድ ዓመት ብቻ ያኖረኝን ትዳር፣ ለሷ የዕድሜ ልክ ያድርግላት።