የእትዬ በላይነሽ ሳጥን

ዶሮ ማነቂያ የተከራየሁት ክፍል ግድግዳው ሻግቶ ልብሴን ፈጀው። አሸንዳው ተቀዶ ውሃው ግድግዳው ላይ እንደሚወርድ ለአከራዬ ለእትዬ በላይነሽ ስነግራቸው፣ «ባክሽ ተይኝ! በር ዘግተሽ ወጥ እየሠራሽ ነው እንጂ እኔ ቤት ሻጋታ ታይቶ አይታወቅም!» ይሉኛል። ቤታቸው ስለጠበባቸው የተቆለፈ የልብስ ሳጥናቸውን ያስቀመጡት እዚያው እኔ ክፍል ጥግ ነው።

ባለፈው እሁድ ለሰርግ የሚለብሱትን ሊያወጡ መጥተው ሳጥኑን ሲከፍቱት፣ ያ የሚሳሱለት ነጭ ቀሚስ ከነጥልፉ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቀሚሱን እንደያዙ ክው አሉ። ታዲያ እኔ ምን በወጣኝ ዝም እላለሁ! «እትዬ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ማነው በር ዘግቶ ወጥ የሠራው?» አልኳቸው። ወደ ግቢው ወጡና፣ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተጣሩ፤ «ኧረ አሸንዳ የሚሠራ ሰው ጥሩልኝ!»