ሶረቲን ማንም ያልጠየቃት

ወደ ወንጪ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ብገባ፣ ኦቦ ቱፋን ከልጅ ልጃቸው ከሃዋኒ ጋር አገኘኋቸው። እሳቸው የሐሮ ወንጪ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሷ ዘንድሮ በሕግ የተመረቀች ናት። “አካም ጅርቱ፣ መምህር!” ብለው ሰላም አሉኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ቴሌቪዥኑ አንድ የቆየ የውጭ ፊልም ያሳያል። ሰዎች ክፍል ውስጥ ተዘግተው በነፍስ ግድያ ስለተከሰሰ ልጅ ይከራከራሉ።

“ምን ያጨቃጭቃቸዋል?” አሉ ኦቦ ቱፋ።

“ፈራጆች ናቸው፣ አካኮ” አለች ሃዋኒ አያቷን። “ ሁሉም ጥፋተኛ ነው ሲሉ አንዱ እንነጋገርበት አለ።”

“ሁሉም የተስማማበትን አንድ ሰው ያጓትታል? ንቀት ነው! እኛ የኤጄታን ጉዳይ ዛሬ ከሰዓት እንጨርሳለን።”

ኤጄታ ለጎብኚዎች ፈረስ የሚያከራይ ጎልማሳ ነው። በግጦሽ ከእሱ ጋር የተጣላው የዘርትሁን የጭድ ክምር ሲቃጠል ጣት ወደ እሱ ተቀሰረ። ከዕድር ሊሰረዝ፣ ማንም እንዳያናግረው ሊወሰንበት ነው።

“ምን ማስረጃ አላችሁ?” አለች ሃዋኒ።

“ጎረቤቱ ሶረቲ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ አይታዋለች። እጁም ተቃጥሏል።”

“ወዴት ሲሮጥ? ወደ እሳቱ ነው ወይስ ከእሳቱ?”

ኦቦ ቱፋ ዓይናቸውን ወደ ፊልሙ መለሱ።

“ልጄ፣” አሉ፣ “ዘርትሁን ከብቶቹን የሚቀልበው አጥቷል። የእሱ እንባ አይታይሽም?”

“ይታየኛል፣ አካኮ። ግን ያቃጠለው ሌላ ከሆነ፣ እናንተ ኤጄታን ስታገልሉ ጥፋተኛው እዚያው ተቀምጦ ይስቃል።”

ኦቦ ቱፋ ክፉ ሰው አይደሉም። ብዙ ደግ ሰዎች ለፍርድ የሚቸኩሉት ጠቡ ቶሎ እንዲበርድ ብለው ነው።

ከሰዓት በሸንጎው ላይ እኔና ሃዋኒም ነበርን። ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ኦቦ ቱፋ ተነሡና “እኔ ገና አልወሰንኩም” አሉ።

“እርስዎም የእሱ ወገን ሆኑ?” አለ ዘርትሁን በምሬት።

“የማንም ወገን አይደለሁም። ሶረቲ፣ ኤጄታ ወዴት ሲሮጥ ነው ያየሽው?”

“ወደ ጭዱ ነዋ! ጭሱን አይቼ ስወጣ እሱም ወደዚያው ይሮጥ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

ኤጄታም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቀ። “ውሃ ነበር የያዝኩት” አለ። “እጄ የተለበለበው ሳጠፋ ነው። ብናገርም የምታምኑኝ አልመሰለኝም።”

ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያን ቀን ግን በኤጄታ ላይ ለመፍረድ እጁን ያነሣ አልነበረም። ዘርትሁን እንኳ ወደ ኤጄታ ሄዶ “ማረኝ” አለው።

ከሸንጎው ስንመለስ ኦቦ ቱፋ ሃዋኒን እንዲህ አሏት፦ “ሁሉም ተስማምቷል ያልኩሽ፣ ለካ እኔ ቀድሜ ስለተናገርኩ ነው። አፍረውኝ ዝም ያሉትን አብረውኝ ፈረዱ አልኩ።”

ከዚያ ወዲህ በሐሮ ወንጪ ሸንጎ ተከሳሹ ሳይደመጥ አይፈረድም፤ ሐሳብ መስጠት የሚጀምረውም በዕድሜ ታናሹ ነው፣ ትልቁን ፈርቶ እንዳይከተል። ስብሰባው ይረዝማል፤ አንዳንዱም ያጉረመርማል። ነገር ግን ቀድሞ ስሙ ሲነሣ አገር ጥሎ ይሸሽ የነበረው ሰው፣ ዛሬ የሚሰማው እንዳለ አውቆ በገዛ እግሩ መጥቶ ይቀመጣል።