አትክፈቺው!

መሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ሥራ የገጠር ጤና ሠራተኞችን ታብሌቶች ከቢሮ ኮምፒውተር መቆጣጠር ነበር። አልማዝ የምትባለው የጤና ሠራተኛ ታብሌቷ እንደጠፋ ስትነግረኝ፣ በውስጡ ያለው የነፍሰ ጡሮች መረጃ ሰው እጅ እንዳይገባ ብዬ በኮምፒውተሩ የመደምሰሻ ትእዛዝ ላክሁ። ትእዛዙ የሚፈጸመው ታብሌቱ ተከፍቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ነው።

በማግስቱ በስልኳ ደወለች። «ወንድሜ፣ ተገኘ! ጭድ ውስጥ ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ጋራው ላይ ወጥቻለሁ፤ መረጃውን አሁን ልልክልህ ነው።»

መረጃው ሌላ ቦታ የለም። ቢሮ ደግሞ መብራት ስለጠፋ ትእዛዙን መሰረዝ አልችልም። «አትክፈቺው! ይዘሽው ነይ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለኝ።

በነጋታው ታብሌቱን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። «አልነካሁትም። አንተ ግን ስትጮህ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። መብራት መጥቶ ትእዛዙን ከሰረዝኩ በኋላ ከፈተችው፤ መረጃው ላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን እናት ስም ጮክ ብላ አነበበች። ያኔ ነው ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት።