የሚጮኸው ባሩድ

ወዳጆቼ፣ ሹካችሁን አንዴ አስቀምጡና ስሙኝ። ጋሽ ሃርላን፣ ዛሬ የስንብት ግብዣህ ነው፣ ማምለጫ የለህም።

ጋሼ እዚህ ጥይት መሙያ ቤት ሥራ የጀመረ ዕለት "እንደምን አደሩ!" አልኩት። ሚዛኑ ላይ የነበረውን ባሩድ ወደ ዕቃው ገለበጠና እንደ አዲስ መመዘን ጀመረ። "እንደምን አደሩ!" ደገምኩ። ደግሞ ገለበጠው። ኋላ ዞር ብሎ፣ "እመቤቴ፣ ሰላምታዎን እስከ ምሳ ያቆዩልኝ" አይለኝም!

ከዚያ ወዲህ እሱ ሲመዝን ቤቱ ጭጭ ነው። በመስኮቱ በረዶው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ባሩዱም ቀለሁ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ እኔም የት እንዳለሁ እረሳለሁ። ደስ ይል ነበር።

ሁሉን ከትንሹ ነው የሚጀምረው። ሾርባው ላይ በርበሬ እንኳ ቆንጠር ያደርጋል፣ ይቀምሳል፣ ያስባል። ባለቤቱ ኦፓል፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሾርባ አይፈነዳም!" ትለዋለች።

ወንድሜ ቨርን የአያታችንን ሽጉጥ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ጠንከር አድርገህ ሙላልኝ፤ ተራራው ይስማኝ!"

"ተራራው ደንቆሮ ነው። አንተ ግን ጣትህን ትፈልገዋለህ።" ቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላ የባሩድ ዓይነት መረጠለት።

"ያኛው ባሩድ እኮ ኃይለኛ ነው፣ ጥቂቱ ይበቃል!"

"ጥቂቱማ በስህተት ሁለቴ ቢገባም አይታይም፤ ሽጉጡ እጅህ ላይ ይፈነዳል። ይሄ ሁለቴ ከገባ ይፈስሳል። ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ፤ ስሳሳት የሚጮህብኝን ነው የምመርጠው።"

ቨርን ይኸው፣ በሙሉ ጣቶቹ ኬክ ይዝቃል።

ባለፈው መከር አንድ ጠዋት ባሩዱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጋሼ የሞላውን ቀለህ ደግሞ ሞልቶት ኖሯል። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጠርጎ መቀጠል ይችል ነበር፤ ሥራውን እንደ ነፍሱ እንደሚወድ ታውቃላችሁ። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ የፈሰሰውን ሲያይ ቆየና፣ "ጁን፣ ጮኸብኝ። ዓይኔ በቃው" አለኝ። ያኔውኑ ሄዶ ሥራ ማቆሙን ለአሠሪያችን ነገረው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጋሽ ሃርላን፣ በዚህ ሸለቆ ስንቱ በሁለት ዓይኑ ወንዙን የሚያየው ባንተ ጥንቃቄ ነው፤ እነሱ አያውቁትም። እኔ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ኦፓል፣ የሱን ከግማሽ በላይ ሙዪለት፤ ማንም ሰርቆ ቢደግምለት ይፍሰስና እንወቀው። ዕድሜህ ይርዘም፣ ከእንግዲህ ወንዝ ስትወርድ ዓሣው መረብህን አይጣ፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ።

ይኸው ምሳም ደረሰ፣ ሚዛኑም ባዶ ነው። ጋሼ፣ እንደምን አደርክ?