እስኩቴስና ሙሽራዋ

ከአራት ኪሎ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ያለች ወጣት አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ የያዙትን መጽሐፍ አጮልቃ ታነባለች።

“አባባ፣ እስኩቴስ ማነው?”

“የጥንት ፈረሰኛ ሕዝብ ነው፣ ልጄ። እስኩቴስ ያሏቸው ግሪኮች ናቸው። ፋርሶች ደግሞ ሳካ ይሏቸው ነበር።”

“ራሳቸውንስ ምን ብለው ይጠሩ ነበር?”

“ስኮሎቲ ይሉ ነበር ብሎ አንድ ግሪክ ጽፏል።”

“እሱንም ግሪክ ነው የነገረን?”

“አዎ፣ እነሱ ራሳቸው የጻፉት የለም። ምነው ተቆጣሽ?”

“እሁድ ላገባ ነው። አማቴ እንደ ወጉ አዲስ ስም ሊያወጡልኝ ነው።”

“በፍቅር እኮ ነው።”

“ፍቅራቸውንማ እፈልጋለሁ። ይሄን ስም ግን ያወጣልኝ ሟቹ አባቴ ነው።”

“እንግዲያው ቀድመሽ ንገሪያቸው።”

“ቢቀየሙኝስ?”

“ይቀየሙ! አንቺም እንደ እስኩቴስ ዝም ልትይ ነው?”

እኔ ስም ሳላወጣላት በፊት ምራቴ ማን ትባል እንደነበር ለማስታወስ፣ ፒያሳ እስክወርድ ድረስ ታገልኩ።